በግራ እጄ የጻፍሁት

ልጄ ቃልኪዳን፣ በቤይሩት የሰው ቤት ጉልበትሽን ፈጣሪ ይጠብቅልኝ፤ የምታገለግያቸውን ሰዎች ልብ ያራራልሽ። እኛ አለን።

መንገዱ ሲከፈት ሲዘጋ ከረመ። የቆጋ ድንች መኪና አጥቶ እማሳው ላይ በሰበሰ፤ እዚህ መሸንቲ ድንች ብርቅ ነው። ወንድምሽ ግሩም ባጃጁን ካቆመ ሦስት ወሩ፤ ሥራ ፍለጋ ባሕር ዳር ወርዷል።

ልጅሽ ዜማ ዘጠኝ ዓመት ሞላት። ትናንት ሽሮ አስፈጭቼ ስመለስ በሩ ላይ እንደ ኬላ ገመድ ወጥራ ጠበቀችኝ።

«መታወቂያ!»

«ረሳሁት ጌታዬ» አልኋት።

«ሽሮው ይለፍ፣ አንቺ ቁሚ።»

እየሳቅሁ መታወቂያዬን ከጉያዬ አውጥቼ ሰጠኋት። ፎቶዬን ቁልቁል ዘቅዝቃ ፊደሉን ብዙ አየችውና «እሺ እለፊ» አለችኝ።

ያን ጊዜ ልነግርሽ ቆረጥሁ። በስልክ እንዳልነግርሽ እሷ ከአጠገቤ አትጠፋም።

ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ ሁለት ዓመት አልፎታል። በየደብዳቤው ግርጌ «እማዬ፣ ጎበዝ ተማሪ ሆኛለሁ» እያልሁ በግራ እጄ የምጽፈው እኔ ነኝ። ደስ እንዲልሽ ነበር። እቤት ላስተምራት ሞከርሁ፤ «ተኩስ ስሰማ ፊደሉ ይጠፋብኛል» ትላለች። መጀመሪያ በመስከረም ይከፈታል ይሉ ነበር፤ አሁን እንደዚያ የሚልም የለም።

ልጄ፣ ያንቺ ክፉ ለእኔ ይሁን። አንድ ነገር ልለምንሽ፤ ስትደውዪ ስለ ጽሕፈቷ አታመስግኛት። ምን እንደምትመልስልሽ አታውቅም።

እናትሽ ሰገነት