ለአራስ ያልተነገረ

ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ

ለውድ እናቴ፣

የመደብሩ ባለቤት አቶ ጨመዳ በከሰስኳቸው ጉዳይ አንቺን ምስክር አድርገው አስመዝግበዋል። መጥሪያው በዚህ ሳምንት እዚያው ቢላ ከተማ ይደርስሻል።

ይህን ያስቀደምኩት ወረቀቱ በድንገት እጅሽ ገብቶ እንዳትደነግጪ ነው። አሁን ሰላምታዬን ተቀበዪኝ። እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ኬኔ ሁለት ጥርስ አብቅላ ያገኘችውን ሁሉ ትነክሳለች፤ የአባቷን የቀነአን ጣት እንኳ አልማረችም። ቀነአ አሁንም የሚያስተምረው አኖ ነው፤ ዝውውሩ ስላልተፈቀደለት ቅዳሜ መጥቶ እሑድ ይመለሳል።

ያልደወልኩልሽ ስልኩ ባይሳ እጅ ስለሚውል ነው። ወንድሜ አጠገብሽ ቁጭ ብሎ ይህን እንድትሰሚ አልፈለግሁም። ደብዳቤውን ያመጡልሽ ጎረቤቴ አዴ ናኦሚ ምን እንደተጻፈበት አያውቁም። ብቻሽን ስትሆኚ እንዲሰጡሽ አደራ ብያቸዋለሁ።

ሥራ መልቀቄን ነግሬሻለሁ፤ እንዴት እንደሆነ ግን አልነገርኩሽም። የወሊድ ፈቃዴ እንዳለቀ ወደ መደብሩ ተመለስኩ። ኬኔን የምትይዝልኝ ልጅ ወር ሳትቆይ ወደ ጊምቢ ሄደችብኝ። ልጄን አዝዬ ሚስማር ስመዝን አብራኝ የምትሠራው ሌንሳ፣ «ደንበኛው ልጅቷንም በኪሎ ስጪኝ እያለሽ ነው» ትለኝና እንስቅ ነበር። የሲሚንቶው አቧራ ኬኔን ሲያስላት ግን ሳቁ ቀረ። የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ሰጥቼ ለቀቅሁ። አቶ ጨመዳ አልከፋቸውም። «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ልጅሽ ትደግ፤ በሩ ክፍት ነው» ብለው እንደ አባት መረቁኝ።

ያልወሰድኩት የዓመት ፈቃድ በገንዘብ እንዲታሰብልኝ ስጠይቅ ግን ደንበኛ ጠርተው ማስተናገድ ጀመሩ። ፈቃዱ የተጠራቀመው እሳቸው ራሳቸው፣ «ግንባታ የሚበዛበት ጊዜ ነው፣ ክረምት ሲገባ ታርፊያለሽ» እያሉኝ ነው። ሌላ ቀን ስጠይቃቸው፣ «ተከፍሏል» አሉኝ። ለማን ብላቸው፣ «ቤትሽ ያውቃል» ብለው ወደ መጋዘን ገቡ።

ተናደድኩ። ቤተ ክርስቲያን ፊት ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሽማግሌ እንዲህ ይዋሻል ወይ ብዬ ለሌንሳ ነገርኳት። ሌንሳ መልስ የማታጣ ልጅ ናት፤ ያን ቀን አንገቷን ደፋች። እኔ ግን ፈርታ ነው ብዬ ሄጄ ከሰስኳቸው።

ባለፈው ማክሰኞ ችሎት ቀረብን። ዳኛዋ፣ «ከፍያለሁ ካሉ የፈረመችበት የታለ?» ብለው ጠየቋቸው። የለም አሉ። ለማን ሰጡ ሲባሉ፣ «ለእናቷ፣ በእጃቸው። እሷ አራስ ነበረች» አሉ።

ሳቄ መጣ። ተራዬን ሳልጠብቅ፣ ውሸት ነው፣ እናቴ ብትቀበል ኖሮ የዚያኑ ዕለት ትነግረኝ ነበር አልኩ። አቶ ጨመዳ ዞረው አዩኝ። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ አፋቸው ተከፍቶ ቀረ። «እስከ ዛሬ አልነገሩሽም?» አሉኝ፤ ዳኛዋ እንዳይሰሙ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ዳኛዋ፣ «አራስ ብትሆንስ፣ ለምን ለባለቤቷ አልሰጡም?» ብለው ያዟቸው። «ለአራስ እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም» አሉ። ምን ያለ ነገር? አሉ ዳኛዋ። አስከትለውም ለሠራተኛዋ ወይም እሷ ለወከለችው ሰው ካልተከፈለ እንደተከፈለ እንደማይቆጠር ነገሯቸው። እሳቸውም፣ «እናቷ ይምጡና ይናገሩ፤ እኔ የሰው ጉዳይ አላወራም» ብለው ተቀመጡ። ብረታ እንኳ እንዲያ አልደነግጥም ነበር።

ስወጣ ውጭ የቆመችው ሌንሳ ኬኔን ተቀበለችኝ። ምን እንደተባለ ስነግራት አለቀሰች። መደብሩ በሙሉ አዋጥቶ ነበር አለችኝ፤ ተሸካሚዎቹ ሳይቀሩ። አልበቃ ሲል ከዓመት ፈቃዴ ይታሰብ ያልሽው አንቺ ነሽ፣ እናቴ፤ አቶ ጨመዳም ዕለቱኑ አምጥተው ሰጡሽ። ለምን ነበር ያዋጣችሁት ብዬ ብይዛት፣ «የምታውቂ መስሎን ነበር። በቃ፣ እናትሽን ጠይቂ» ብላ ልጄን መለሰችልኝ።

ከዚያ ወዲህ የአራስነቴን ሰሞን እያስታወስኩ ነው። ባይሳ በጉን ሊያርድልኝ ይመጣል ተብሎ ቀረ፤ ወባ ይዞታል አልሽኝ። በጉን ጎረቤት አረደው። ገንፎውን እያማሰልሽ ደጋግመሽ ስታቆሚ አይቼ ስጠይቅሽ፣ «ያንቺ ገንፎ ጉልበት ይፈልጋል» ብለሽ አሳቅሽኝ። ስልክ ሲደወልልሽ ጓሮ ወጥተሽ፣ ዝናብ ላይ ቆመሽ ታወሪ ነበር። አንድ ማለዳ አኖ ጸሎት አለ ብለሽ ሄድሽ። ማታ ስትመለሺ እስከ ቁርጭምጭሚትሽ ጭቃ ነበርሽ። እናቴ፣ አኖ እኮ አስፋልት ዳር ነው። እኔ ይህን አይቼ ልጄን አጥብቼ ተኛሁ።

ኬኔን ለቤተ ክርስቲያን ስናቀርባት ባይሳ መጣ፤ ከስቶ ነበር። በዚያ ፀሐይ የሸሚዙን እጅጌ እስከ አንጓው ቆልፎ ዋለ። ፎቶ ስንነሳ ከኋላው ሰው ሲቆም እየዘለለ ቦታ ይቀይር ነበር። እኔ ደግሞ ሙሽራ መሰልክ፣ አላርፍ አልክ ብዬ ቀለድኩበት። ሳቀልኝ።

ምን እንደደረሰበት አልጠይቅሽም። ችሎት ግን ይጠይቅሻል። ገንዘቡን ተቀበሉ ወይ ብሎ አያበቃም፤ ምን አደረጉበት፣ ለማን ሰጡት፣ የት ይላል። አዳራሹ ለሁሉም ክፍት ነው። ማን ሰምቶ የት እንደሚያወራው አይታወቅም፤ ባይሳ ደግሞ ዛሬም እነዚያ ሰዎች እሱን በያዙበት መንገድ ነው የሚመላለሰው።

ክሱን ብገፋበት የማሸንፍ ይመስለኛል። ገንዘቡም ያስፈልገኛል። ልጄን ይዤ ቤት የምሠራበት የስፌት መኪና ልገዛበት ነበር፤ ሌላ ያሰብኩት መተዳደሪያ የለኝም። ግን ከማን ላይ ነው የማስፈርደው? ቀነአን ባማክረው ክሱን አንሺም አታንሺም አላለኝም። «ባይሳ የእኔም ወንድም ነው» አለና ኬኔን ተቀብሎኝ ወጣ።

አልተቀየምኩሽም። አራስ ክፉ ወሬ አትሰማም፤ እኔም በአንቺ ቦታ ብሆን እንዲሁ አደርግ ነበር። ግን አርባውም ሰማንያውም አለፈ። ከዚያ ወዲህ ስለ በርበሬ አውርተናል፣ ስለ ጎረቤት ሠርግ አውርተናል፣ ኬኔ ማንን ትመስላለች ብለን ተከራክረናል። መደብሩ ሁሉ እያወቀ እኔ አንዷ ብቻ ሳላውቅ፣ ያን ሸክም ብቻሽን ይዘሽ ከረምሽ። ሰው እስከ መቼ ነው አራስ የሚሆነው፣ እናቴ?

እግዚአብሔር አንቺን በጤና ያቆይልኝ። የባይሳን መውጫና መግቢያ ይጠብቅልኝ። የእኒያን ያዋጡልንንም ሰዎች እጅ ይባርክ።

ክሱን ለማንሳት ዓርብ ጠዋት ሬጅስትራር ቀርቤ መፈረም አለብኝ፤ ካለፈኝ ምስክር ወደ መስማት ይገባሉ። አዴ ናኦሚ ሐሙስ ማታ ይመለሳሉ። ዝርዝር አትላኪብኝ። አንሺው ወይም ግፊበት፣ አንዱን ብቻ በያቸው። እሳቸው እስኪመጡ ለማንም ምንም አልመልስም።

ልጅሽ፣
የኬኔ እናት