ድልድዩን ያለ ኩረጃ

ረቡዕ

ዛሬም ገደለኝ። ድልድዩ ላይ የቆመው የብረት ዘብ መዶሻውን አንዴ ካሳረፈብኝ አበቃ፣ እንደገና ከመጀመሪያው። ልጄ ሊዲያ ጌሙን የገዛችው ለራሷ ነበር፤ እኔ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ግን ጆይስቲኩ ከእጄ አልወጣም።

ታናሽ ወንድሜ ታደሰ ሃያ ሁለት ካለው ቤቱ ደወለ። እሱ ይህንኑ ጌም ከጨረሰ ቆይቷል። አጨዋወቱን የሚያሳይ ቪዲዮ ከፍቶ፣ ቪዲዮው ላይ ያለው ሰውዬ ቀኝ ሲል ቀኝ፣ ግራ ሲል ግራ። «እታለም፣ ምን አደከመሽ? ቪዲዮውን ልላክልሽ» አለኝ። አንተ መቼ ጨረስከው፣ ቪዲዮው ነው የጨረሰው አልኩት። ዕድሜዬን ሙሉ ሒሳብ ያስተማርኩ፣ ከተማሪ እጅጌና ካልሲ ውስጥ ወረቀት ስመዝ የኖርኩ ሴት፣ ለአንድ ቁራጭ ብረት ብዬ አልኮርጅም። እሑድ ለምሳ ሲመጣ ድልድዩን ተሻግሬ እንደማሳየው ነገርኩት። ሳቀ። አሁን ወደ ኋላ የለም።

ሐሙስ

አንድ ነገር ደረስኩበት። ዘቡ መዶሻውን ከማንሳቱ በፊት ግራ ትከሻው ዝቅ ይላል። በጣም ትንሽ ነው። ፈተና ላይም እንዲሁ ነበር፤ ሊኮርጅ ያሰበ ተማሪ አንገቱ ከመዞሩ በፊት ትከሻው ይቀድማል። ደጋግሜ አመለጥኩት፣ መጨረሻ ላይ የእጄ አንጓ ከዳኝ። ቁርጥማቱ ነው።

ሊዲያ ጉርድ ሾላ ካለው ቢሮዋ ስትገባ ቅባት ስቀባ አገኘችኝ። «እማዬ፣ ተይው በቃ» አለች። አልተውም።

ዓርብ

ወደቀ። ዘቡ ወደቀ። ሳሎን መሃል ቆሜ እልል ብል ጎረቤቴ «ልጅሽ ልትዳር ነው እንዴ?» ብላ በሩን አንኳኳች። ለታደሰ ደውዬ፣ እሑድ እጅ ነስተህ ግባ አልኩት።

ብቻ አንድ ነገር ይከነክነኛል። መሃል ላይ መዶሻው በደንብ አግኝቶኝ ነበር። አልሞትኩም።

ቅዳሜ

ሾላ ገበያ ሽንኩርት እየመረጥኩ እንኳ ነገሩ አልለቀቀኝም። ቤት ገብቼ ዘንቢሉን ሳላስቀምጥ ሴቲንጉን ከፈትኩ። «ከባድ» ላይ የተውኩት የጌሙ ደረጃ «ቀላል» ሆኗል።

ሊዲያን ስጠይቃት ፊቷ ተለዋወጠ። «እጅሽን ሲያምሽ እያየሁ አላስችል ብሎኝ ነው። ጋሼ ታደሰ ፊት እንዳታፍሪ ብዬ» አለች። ተናደድኩ፣ በጣም። ደግነቷን አላጣሁትም፤ ግን ያላመጣሁትን ነጥብ ፈተናዬ ላይ ጨምራ «ጎበዝ» ያለችኝ ያህል ነው። በሥራ ዘመኔ የስንቱን ወላጅ ልመና ሰምቼ ነጥብ ሳልጨምር፣ አሁን ለራሴ ልጨምር? ከድልድዩ በፊት ወዳለው ቦታ ተመለስኩ፣ «ከባድ» ላይ አደረግኩት። እስኪመሽ ሲገድለኝ ዋለ።

እሑድ

ታደሰ መጣ። እውነትም በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳኝ። ቀና በል፣ አልተሻገርኩም አልኩት። የሆነውን ሁሉ ስነግረው ሊዲያ ሳህን እያቀረበች አቀርቅራ ሰማች። ስጀምር አፌ ከብዶኝ ነበር፣ ስጨርስ ቀለለኝ።

ከምሳ በኋላ «እስቲ ወዲህ በይው፣ እኔ ላሻግርሽ» ብሎ ጆይስቲኩን ተቀበለኝ። ቪዲዮው ግን አብሮት አልመጣም። ዘቡ ደጋግሞ ጨፈለቀው። «ትከሻውን እየው እንጂ» ስለው «የቱን ትከሻ?» አለኝ። ጌሙን ጨርሶታል፣ ዘቡን ግን አይቶት አያውቅም። ሳላሸንፍ እንዲህ ኮርቼ አላውቅም።

ሰኞ

ሊዲያ ሥራ ሄዳለች። እጄን በሞቀ ውሃ ነክሬ ጀመርኩ። ትከሻው ዝቅ ሲል ገለል፣ መዶሻው መሬት ሲመታ ወጋ። እየሞትኩ፣ እየተነሳሁ። ከሰዓት በኋላ ወደቀ። እልል አላልኩም። ጆይስቲኩን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ሊዲያ ስትገባ ከድልድዩ ማዶ ቆሜያለሁ። መጀመሪያ ጆይስቲኩን አንስታ ሴቲንጉን ከፈተች። «ከባድ» ይላል። ከዚያ በኋላ ነው የሳመችኝ። መሳሟ ደስ ይላል፣ መፈተሿ ግን በለጠብኝ። እንዲህ ነው ያሳደግኳት።

አንጓዬ አብጧል። ይህንን የምጽፈው በግራ እጄ ነው፣ ፊደሌም የተጣመመው ለዚያ ነው። እራቴን ያጎረሰችኝ ሊዲያ ናት። እሱን እርዳታ እምቢ አላልኩም።