በአንድ እጅ የሚሠራ ማሽን

ጥቅምት 4

ባለቤቴ ግርማ ዛሬም ከቤት አልወጣም።

ግራ እጁ አልታዘዝ ካለው ወዲህ ከሦስተኛ ፎቅ የሚወርደው ለሐኪም ቀጠሮ ብቻ ነው። ሐኪሙ ውረድ፣ ተራመድ ይለዋል። እሱ መስኮቱ ጋ ተቀምጦ ወደ ዊንጌት የሚሄዱትን ሚኒባሶች ያያል። ዕድሜውን ሙሉ የሠራበት መስመር ነው።

ድሮ ጠዋት ጠዋት እሱና ጓደኛው ታምራት አዲሱ ገበያ ቆመው ማኪያቶ ሳይጠጡ ሥራ አይጀምሩም ነበር። በጾም ቀን ደግሞ ስፕሪስ፣ የሻይና የቡና ቅልቅል። ታምራት አሁንም ሹፌር ነው። ግርማ ከታመመ በኋላ ሁለቴ መጣ። ሁለቴም ቡና ልቁላ ብዬ ተነሣሁ፣ ሁለቴም ሰዓቱን እያየ ተቁነጠነጠ። ሲወጣ ደረጃው ላይ፣ "አልሚ፣ እንዲህ እየለፋሽማ አልመጣም። ነውር ነው" አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። ቀረ።

ግርማ ስለ እሱ አይጠይቅም። ስለ ምንም አይጠይቅም። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው።

ዛሬ አዲሱ ገበያ አንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ውስጥ የቤት ኤስፕሬሶ ማሽን አየሁ። መፍጫው አብሮት ነው የተሠራው። ቁልፍ ትጫናለህ፣ ይፈጫል፣ ያፈላል። ሽንኩርት ልገዛ ወጥቼ እዚያ ቆሜ ቀረሁ። በአንድ እጅ ይሠራ ይሆን?

ለግርማ አልነገርኩትም።

ጥቅምት 5

ሱቁ ሄድኩ። ባለቤቷ ሠናይት ትባላለች። በእኔ ዕድሜ ናት፣ ድምፅዋ አስፋልት ይሻገራል።

ርካሹ መፍጫ የለውም። ውዱ ካፌ ለሚከፍት ሰው ነው። መሐል ላይ ሁለት አሉ፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ግራጫ። ቀዩ ያምራል፣ ቀላል ነው፣ ለወጥ ቤታችንም ይበቃል። ግራጫው እንደ ድንጋይ ይከብዳል።

ግራ እጄን ኪሴ ከትቼ ቀዩን ሞከርኩ። ቡና የሚያዝበትን እጀታ አስገብቼ ሳጠብቀው ማሽኑ አብሮ ዞረ።

"በሌላው እጅሽ ያዥው እንጂ!"

"ሌላው የለም" አልኳት።

ኪሴን አየች። ከዚያ የራሷን ግራ እጅ ጀርባዋ ላይ አድርጋ ሞከረች። ጠረጴዛው ላይ ሙሉ ለሙሉ ዞረባት። "አንተ ከይሲ" አለችው። ግራጫውን ሞከርን። አልተነቃነቀም።

ወተቱን አረፋ እናሠራው ስትል ረቡዕ መሆኑን አስታወስኳት። "ውይ! ልታስገድፊኝ ነበር እኮ!" አለች። አስገዳፊዋ ራሷ ናት። ያላት ቡና ስለቆየ ነገ የራሴን ይዤ እንድመጣ ነገረችኝ።

ጭንቀቶቼ፦ መብራት ቢጠፋስ? ሲመጣ ይዞት የሚመጣው ኃይል ቢያቃጥለውስ? ውሃ በፈረቃ ነው፤ ግን ማሽኑ የራሱ ማጠራቀሚያ አለው፣ ከጀሪካን ይሞላል። ይሄ አንዱ ቀለለ። ግርማ እምቢ ቢልስ? ይሄኛው አልቀለለም።

ጥቅምት 6

ተዋረድኩ።

ጠዋት ቡና ቆላሁ። እንደ ልማዴ ጥቁር እስኪሆን፣ ዘይቱ እስኪያብረቀርቅ። እንደ ልማዴም ኮረሪማ ፈልፍዬ ጨመርኩበት። ወስጄ ማሽኑ ላይ ገለበጥኩት። መፍጫው ትንሽ ፈጨ፣ አቃሰተ፣ ቆመ።

"ምን ነካው? ምን ጨመርሽበት?"

"ኮረሪማ ነዋ።"

"የኔ እህት! መፍጫ ነው እንጂ ሙቀጫ አይደለም!"

ከጎረቤት ሱቅ ሰው ጠርታ ጉዴን አሳየች። እየሳቀች በብሩሽ ጠረገችው፣ እኔ የስልኬን መብራት ያዝኩላት። ፍሬው ጥርሱ መሐል ተሰንቅሮ፣ የቡናው ዘይት እንደ ሙጫ አጣብቆት ነበር። አንድ በአንድ አወጣነው። ተመልሶ ሠራ። ውሃ ማጠራቀሚያው ውስጥ የገባ ፍሬ አንድም አልነበረም። እፎይ።

ወደ ቀልቤ ስመለስ ሌላ ጣጣ። ወተት አረፋ ለማሠራት አንዱ እጅ ማንቆርቆሪያውን ይይዛል፣ ሌላው የእንፋሎቱን ቁልፍ ይከፍታል። ሁለት እጅ! ለካ እስከ ዛሬ ያላየሁት ይሄን ነው። ልተወው ነበር። ሠናይት አንድ ስኒ በአፉ ደፋችና ማንቆርቆሪያውን ላዩ ላይ አስቀመጠችው። ከፍ ስላለ የእንፋሎቱ ቱቦ ወተቱ ውስጥ ገባ። ቁልፉን በቀኜ ከፈትኩ። ግማሹ ወተት ልብሴ ላይ አረፈ፣ ግማሹ ግን አረፋ ሠራ። ሁለታችንም አጨበጨብን።

ማታ የኮረሪማውን ነገር ለግርማ ነገርኩት። ሳል እስኪይዘው ሳቀ። ከታመመ ወዲህ እንዲህ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም። ቀጥሎ ፊቱ ተለወጠ።

"ማሽን ለምንድን ነው? ሰው ሲመጣ ልታስተናግጂበት?"

"አይደለም። አንተ እንድታስተናግድበት።"

እጁን አየ። "በዚህ?"

"በሌላው። በአንድ እጅ ሞክሬዋለሁ።" ግራ እጄን ኪሴ ከትቼ አሳየሁት።

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ይከፋው፣ ደስ ይበለው፣ አላወቅሁም።

ጥቅምት 7

ስለ ማሽኑ አንድም ቃል አልተናገረም።

ግን ከገበያ ስመለስ ወጥ ቤት አገኘሁት። ሬዲዮኑንና የዳቦውን ቆርቆሮ በቀኝ እጁ ገፍቶ ጥግ አስይዟቸዋል። ሶኬቱ አጠገብ ያለው ቦታ ባዶ ሆኗል።

"ይሄ ሶኬት ይሠራል?" አለኝ።

"ይሠራል።"

"እሺ።" በቃ።

ከሰዓት ስልክ ሲያወራ ደረስኩበትና ቶሎ ዘጋው። አልጠየቅሁትም። ቡና በደንብ ሳይጠቁር ቆላሁ። ኮረሪማውን ከላይኛው መደርደሪያ ሰቀልኩት፣ እጄ እንዳይለምድ።

ጥቅምት 8

ግራጫውን ልገዛ ቆረጥኩ። ሠናይት ካርቶኑን ከፍታ ዕቃውን እያወጣች ሳለ ስልኬ ጠራ። ግርማ ነው።

"ከፍለሻል?"

"ገና።"

"እንዳትከፍዪ።"

ድንግጥ አልኩ። አለቀ፣ እምቢ አለ ብዬ።

"እኔ ሳልሞክረው ይገዛል እንዴ?"

"ሦስተኛ ፎቅ ተቀምጠህ እንዴት ትሞክረዋለህ?"

"ሦስተኛ ፎቅ ማን አለ? ሱቁ በር ላይ ነን። መኪና ማቆም ክልክል ነው፣ ቶሎ ነይ።"

ከኋላው ታምራት ይጮሃል። "አልሚ! ደረጃውን ስንወርድ የሰደበኝን ብትሰሚ! በነፃ አልመጣሁም፣ ማኪያቶዬን!"

ስልኩን ይዤ ቆምኩ። ኪሴ ውስጥ የነበረው እጅ ጤነኛ እጅ ነው፤ አብሮ ባይሠራም የሰውነቴን ሚዛን ይጠብቅልኛል። እሱ እጀታውን ሲያጠብቅ ትከሻው ቢዘምምስ? ቁልፉ ላይ ጣቱ ቢንቀጠቀጥስ? እዚህ ሰው ፊት? ሁሉንም ያሰብኩ መስሎኝ ነበር። የሱቁ መግቢያ ሁለት ደረጃ እንዳለው እንኳን ያየሁት ገና አሁን ነው።

"ታዲያ ካርቶኑን ልዝጋው?" አለች ሠናይት።

"አትዝጊው። ውሃ ሙዪበት።"

ቦርሳዬን ጠረጴዛው ላይ ትቼ ወጣሁ።