ኦቦ በዳዳ ላይ ስለፈሰሰው ውሃ

ለተከበሩ አቶ ውብአየሁ
የተቀናጀ ልማት ግንዛቤ ማስጨበጫ ግብረ ኃይል ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡርነትዎ፣ እርስዎም ጤናዎም የቢሮዎ ጄኔሬተርም እንደምን ሰንብታችኋል? እኛ የፉሪ ዳገት ነዋሪዎች፣ መንገዱ ከማክሰኞ ጀምሮ በድንጋይ ከመዘጋቱና ስልኩ ከመቆራረጡ በቀር፣ እርስዎን እያሰብን ደኅና ነን።

እኔ አምና ተመርቄ በግብረ ኃይሉ በጊዜያዊነት የተቀጠርኩት ሮዳስ ነኝ። በስሜ ባያስታውሱኝ በሞገዴ ያስታውሱኛል። ከተማዋን ወደ ገበሬው መሬት የሚያሰፋውን ማስተር ፕላን ለሕዝብ ለማስተዋወቅ በሠራነው ፊልም፣ ከአንዱ ምስል ወደ ሌላው ስንሻገር ስክሪኑን የሚሞላው ውሃ የእኔ እጅ ሥራ ነው፤ በሙያው ትራንዚሽን ይባላል። በጥቁር ጨርቅ ፊት ውሃ እየደፋሁ በዝግታ ቀረጽኩና በኮምፒውተር በሁለት ምስሎች መካከል አስገባሁት፤ ውሃው ሲሞላ የፊተኛው ምስል ይሰጥማል፣ ሲጎድል የኋለኛው ብቅ ይላል። እርስዎም አይተው «ይቺ ልጅ የውጭ አገር አስመሰለችው እኮ» ማለትዎን እናቴ እስካሁን ለጎረቤት ታወራለች። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ ሙያ ምክርዎ። አከራያችን ኦቦ በዳዳ ካሜራው ፊት ቆመው፣ እንግዳ አክብረው በአማርኛ፣ «ውሃና መንገድ ቢመጣልን ደስ ይለናል፤ መሬቱን ከሰጠን ግን የት ቆመን ነው የምንጠጣው?» ብለው ነበር። እርስዎ ደግሞ «ሽማግሌው አበዙት፤ ደስ ይለናል ላይ ቁረጪና ውሃሽን ልቀቂበት» አሉኝ። ቆረጥኩ፤ ለቀቅኩበት። ቁርጡ እንዳይታወቅ ሁለት ቀን ሙሉ ደክሜበታለሁ፤ ያን ጊዜ ያሳሰበኝ የሞገዱ ጠርዝ እንጂ የሰውዬው ቃል አልነበረም። ጥፋቱን ሁሉ ለእርስዎ ብቻ የምሰጥ ስግብግብ አይደለሁም፤ ድርሻዬን አስቀርቻለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ድምፅ ምርጫዎ። ኦቦ በዳዳ ብቅ ከማለታቸው በፊት ተራኪው «አርሶ አደሩ መሬቱን ለልማት እየለቀቀ ነው» እንዲል ያዘዙት እርስዎ ነዎት። ወዲያው ሽማግሌው ፈገግ ብለው «ደስ ይለናል» ይላሉ። ቀጥሎ ሞገድ። ቀጥሎ በአዳራሹ ከፊት ወንበር የተነሳው ጭብጨባ። ከኋላ የተቀመጡት ገበሬዎች ማጨብጨብ አልቻሉም፤ ዞረው ኦቦ በዳዳን እያዩ ነበር።

ሦስተኛ፣ ከዚያ ወዲህ ስላተረፍንላቸው ዝና። ወጣቶቹ በደጃቸው ሲያልፉ «ኦቦ ደስ ይለናል፣ ስንት ካሬ ደስ አለዎት?» ይሏቸዋል። ሠላሳ ዓመት የአካባቢውን የድንበር ጠብ ያስታረቁ ሰው ናቸው፤ ባለፈው ሳምንት ሁለት ወንድማማቾች በእርሻ ወሰን ተጣልተው ሽማግሌ ሲፈልጉ በራቸውን አልፈው ሌላ ሰው ጠሩ። ማክሰኞ በጠራራ ፀሐይ የግቢያችን ቆርቆሮ በር ላይ ድንጋይ ዘነበ። እናቴ ቤት እንቀይር ትላለች። እኛስ ተከራይ ነን፣ እንቀይራለን፤ እርሳቸው ምኑን ይቀይሩ?

ክቡርነትዎ፣ ኦቦ በዳዳ ቆርቆሮውን አቃንተው ሲመለሱ አጠገቤ ተቀምጠው «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ እኔ የተናገርኩት ሌላ አልነበረም እንዴ? ወይስ እርጅና ነው?» ብለው ጠየቁኝ። አራት ዓመት ኤዲቲንግ ተምሬያለሁና ጥያቄያቸውን ቆርጬ «ሻይ ላፍላልዎት?» አልኳቸው።

አራተኛና የመጨረሻው ልመና ነው። ያልተቆረጠውን ቅጂ ልጠይቅ ሦስት ጊዜ ቢሮዎ መጥቼ፣ ጸሐፊዎ ፈቲያ በትሕትና «ጥሬው ምስል የመንግሥት ንብረት ነው» ብላ ሸኝታኛለች። ምስሉ የእናንተ ይሁን። ቃሉ ግን የኦቦ በዳዳ ነውና፣ በዚያው አዳራሽ፣ ያንኑ ሕዝብ ጠርታችሁ፣ መልሳቸውን ሳይቆረጥ እንድታሳዩ እለምናለሁ። አሥራ ሁለት ሰከንድ ነው፤ ከእርስዎ የመክፈቻ ንግግር በሃያ ስድስት ደቂቃ ያጥራል። እስከዚያው የደብዳቤውን ግልባጭ በእድራችን ሰሌዳ ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ኮንትራቴ የሚቋረጥ ከሆነም ቁርጡ እንዳይታወቅ የሚያደርግ ባለሙያ መፈለግ የእናንተ ፈንታ ነው።

ድንጋይ ከማይደርስበት ፎቅ ሆነው ስለ እኛ ለሚጨነቁት ለእርስዎ፣ ዳገቱ በፈቀደልኝ መጠን ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣

ሮዳስ እሸቴ
ፉሪ፣ ታኅሣሥ ፳፻፰ ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ ያን ውሃ የት እንደቀረጽኩት ሲጠይቁኝ «ስቱዲዮ» ብዬ ዋሽቼዎታለሁ። በዚያ ሳምንት ቧንቧችን ጠብ አላለም ነበር። ውሃው ከኦቦ በዳዳ ጉድጓድ ነው፤ አሥራ አንድ ባልዲ በገመድ ስበው ያወጡልኝ ራሳቸው ናቸው፣ «ለሥራሽ ከሆነ ይፍሰስ» ብለው። ዛሬ ጠዋት ደብዳቤውን ከመለጠፌ በፊት ሁሉንም ነገርኳቸው። ይረግሙኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «እንግዲያው አላረጀሁም» ብለው ለእናቴ የተለመደውን ባልዲ ሊቀዱ ተነሱ።