ጠብቆ ነው ወይስ ላልቶ

ይድረስ ለልጄ፤

እንደምን አለሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ሰነበተ? የመሥሪያ ቤታችሁ ሊፍት አሁንም አልተጠገነም? እኔ አምላክ የተመሰገነ ይሁን ደህና አለሁ። መነጽሬን ቀይሬያለሁ፤ አሁን የሰው ስህተት ከሩቅ ይታየኛል። ይህንን ለጎረቤቴ ብነግራት «እትዬ፣ ድሮስ መቼ አጡት?» አለችኝ። እውነቷን ነው።

አሁን ወደ ላክሽኝ ጉዳይ ልግባ። በስልክ ያልሽውን ቃል በቃል ይዤዋለሁ። «ልጄ የአባቷን ሳክስፎን ከቁም ሳጥኑ ላይ አውርዳ ወስዳለች፤ የምትጫወተውም ጩኸት እንጂ ሙዚቃ አይደለም፤ ሄደሽ ተቀብለሽ አምጪልኝ፤ ካልመለሰች ዐይኗን አላይም» ነበር ያልሽው። ባልሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ካረፈ ጀምሮ ያ ሳክስፎን በካፖርቱ ተጠቅልሎ እንደ ሕፃን ተኝቶ እንደ ነበር ዐውቃለሁ። ስለዚህ አልተከራከርኩሽም። ትልቁን ዘንቢል ባዶውን አንጠልጥዬ በዚያው ሳምንት ማክሰኞ ሄድኩ።

ልጅሽና ጓደኞቿ አልበማቸውን የሚቀዱበት ቤት ድሮ የአናጢ ነበር። ግድግዳውን በአሮጌ ፍራሽና በእንቁላል ካርቶን ለብጠውታል፤ በወለሉ ስንጥቅ ውስጥ ግን ሰጋቱራው እስካሁን አለ። ልጅሽ አቅፋ ሳመችኝና «እማማ፣ ዘንቢሉ ምን ይዟል?» አለችኝ። «እስካሁን ምንም» አልኳት። ነገሩ የገባት መሰለኝ፤ ፈገግታዋ ቀነሰ። «አንድ ዘፈን ብቻ ቀርቶናል፤ እሱን ቀድተን እንነጋገራለን» ብላ ወንበር ሰጠችኝ። ወንበሩ ደግሞ በተነፈስኩ ቁጥር ይንቋቋል።

ሦስት ናቸው። ሳክስፎኑን የምትነፋውና ዜማውን የምትደርሰው ልጅሽ ናት። ድራም የሚመታው ጎማ ጠጋኝ ነው፤ ጓደኞቹ «ጉድ ፈላ» ይሉታል። ቀኑን ሙሉ ጎማ ሲቀጠቅጥ ውሎ እጁ ያልጠገበ ልጅ ነው። ባሱን፣ ያንን ከሰው ቁመት የሚበልጥ ባለ አራት ክር መሣሪያ፣ የሚጫወተው ደግሞ ልብስ ሰፊ ነው፤ ሰውነቱም በር ይሞላል። ስሙን ብጠይቀው «ሰፊው ይበሉኝ» አለ። «ጠብቆ ነው ወይስ ላልቶ?» አልኩት። አመሌን ታውቂያለሽ፤ እኛን ያስተማሩን መምህር የሚጠብቀውን ቃል አላልቶ ያነበበን ከክፍል ያስወጡ ነበር። ልጁ ኮሌታው ላይ የሰካትን መርፌ እየነካካ «ላልቶ ሲነበብ ሥራዬ ነው፣ ጠብቆ ሲነበብ ወገቤ» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ልቆጣው ብል እንኳ አልቻልኩም።

ቀጥሎ ለልምምድ ተጫወቱት። መጀመራቸውን ግን ማን ዐውቆ። ሳክስፎኑ ዘይት እንደ ጠማው የበር ማጠፊያ አቃሰተ፣ ባሱ አጉረመረመ፣ ጉድ ፈላም ከበሮውን በመምታት ፈንታ በጣቱ ይፈገፍገዋል። መሣሪያ እየቃኙ ስለመሰለኝ እጄን አጣጥፌ ጠበቅኋቸው። ዝም ሲሉ «በሉ እንግዲህ ጀምሩ» አልኩ። ጉድ ፈላ ዱላውን ጥሎ ሣቀ። ከመስተዋት ክፍልፋዩ ወዲያ ያለው ድምፅ ቀጂም በሣቅ ጠረጴዛው ላይ ተደፋ። ልጅሽ ግን ቅር ሳይላት «ፈር ቀዳጅ ጃዝ የሚባለው ይሄ ነው፣ እማማ» አለችኝ። «እኔ ደግሞ ፈሩን የሳተ መስሎኝ» አልኳት። «እሱም ያስኬዳል» አለ ሰፊው።

ቀይ መብራቱ ሲበራ ትንፍሽ እንዳልል አስጠንቅቀውኝ መቅዳት ጀመሩ። በዚህ መሐል ፊት ለፊቴ የተለጠፈችውን ወረቀት አነበብኩ። የዘፈኑ ርእስ አንዲት ቃል ናት፤ «አለ» ትላለች። የአልበሙም ስም እሷው ናት። እንግዲህ ፍርጃ ተመልከቺ። ላልታ ከተነበበች አንድ ሰው ተናገረ ማለት ነው፤ ጠብቃ ከተነበበች ያ ሰው አልሄደም፣ እዚሁ ነው ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ቃል ያለ ዐረፍተ ነገር ብቻውን አቁሞ መሄድ ሕፃን መንገድ ላይ ጥሎ እንደ መሄድ ነው። እስኪጨርሱና እስክጠይቃት ቸኮልኩ።

ከዚያ ሦስቱም ባንዴ ጸጥ አሉ። አለቀ ብዬ «አንቺ ልጅ፣ ጠብቆ ነው ወይስ ላልቶ?» አልኳት፣ በድሮው የክፍል ድምፄ።

ለካ አላለቀም። መብራቱ እንደ ቀላ ነው፤ ዝምታውም የዘፈኑ አካል ኖሯል። ሰፊው ዐይኑን ጨፈነ። እኔም መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ልጅሽ ግን ሳክስፎኑን ከአፏ ሳታወርድ በዚያው መለሰችልኝ። ሦስት ድምፅ ናት፤ ሁለቱ ወደ ላይ ይወጣሉ፣ አንዷ ትወርዳለች። በመጀመሪያ ከንፈሯን አላልታ ነፋቻት፣ ቀጥላ አጥብቃ። አንቺ ቤት በሰነበትኩ ቁጥር፣ አመሻሽ ላይ፣ ያቺን ድምፅ ከደረጃው ሥር በባልሽ ፉጨት እሰማት ነበር። አንቺም የያዝሽውን ጥለሽ በር ልትከፍቺ ትሮጪ ነበር። ጉድ ፈላ ደግሞ ማን እንደ ነገረው እንጃ፣ ከኋላ ሆኖ ደረጃ እንደሚወጣ ሰው የእግር ከበሮውን ቀስ እያለ ረገጠው።

ሲያልቅ «የኔ ድምፅ ይሰረዝ፣ ስህተት ነው» ብዬ አዘዝኩ። ድምፅ ቀጂው «ከሁሉም በሰዓቱ የገቡት እርስዎ ነዎት» አለ። ልጅሽም «ጥያቄውን ከሰረዝነው መልሱ ብቻውን ምን ይሠራል?» አለችኝ። ሳስተምር በኖርኩበት ዘመን ሁሉ እንዲህ ያረመኝ ተማሪ አልገጠመኝም። ስለዚህ ተውኩት። ሽፋኑ ላይ ከሦስቱ ስም በታች «ጥያቄ፦ እማማ» ተብሎ ተጽፏል። «ድምፅ»ንም በጸሎቱ «ጸ» ጽፈውት ነበር፤ አሳርሜያለሁ።

ያንቺን መልእክት አልደበቅኋትም። ልጅሽ ሳክስፎኑን ወልውላ በመጣበት በአባቷ ካፖርት ጠቀለለችና ዘንቢሌ ውስጥ አኖረችው። «የእማዬ ነው፤ ከፈለገችው ውሰጂላት» አለችኝ። እጇ ግን ከጥቅሉ ላይ ቶሎ አልተነሣም። ዘንቢሉን ብድግ አደረግሁት። ከዚያ መልሼ አስቀመጥኩት። ካፖርቱን ወሰድኩ፣ ሳክስፎኑን ተውኩላት። ብርዱ እየመጣ ስለሆነ ካፖርቱ አንቺን ያሞቅሻል፤ ሳክስፎኑን የሚያሞቀው አግኝቷል።

በካፖርቱ ጠቅልዬ የላክሁልሽ የአልበማቸው ሸክላ ነው፤ ይህን ያህል የዘገየሁብሽም እሱ እስኪታተም ነው። ማጫወቻው ላይ የደረብሽበትን ጨርቅ አንሺና አጫውቺው። ከመጀመሪያው ፊት አትጀምሪ፣ ትበሳጫለሽ። ጩኸት ነው ያልሽው ሁሉም ሐሰት አይደለም፤ አንደኛው ዘፈን የተናደደ ሰው ዕቃ ሲያጥብ ነው የሚመስለው፤ እኔ ግን ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። አንቺ ከሁለተኛው ፊት የመጨረሻውን ስሚ። ልለያት ስል «በይ ንገሪኝ፣ ጠብቆ ነው ላልቶ?» ብላት፣ «እሱን ለእማዬ ተይላት፤ እሷ ታንብበው» ብላኛለች። ስለዚህ እኔ ምልክት አላደርግበትም።

በሚመጣው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እዚያው ቤት ለሰው ይጫወታሉ። ያቺ የምትንቋቋው ወንበር ላንቺ ተይዛለች። ሳክስፎኑንም ከሰማሽ በኋላ ከፈለግሽው ራስሽ ተቀበዪ። ስትቀመጪ ብቻ አትነቃነቂ፤ ከተነቃነቅሽ የሚቀጥለው አልበም ላይ ትገቢያለሽ።

የያዝሽው ይባረክ፣ ጉልበትሽ ይጽና፣ በርሽን የሚያንኳኳው ሁሉ የምትወጂው ሰው ይሁን። እኔ አለሁ፤ ይህችን ቃል እንኳ አላልቶ ሊያነባት የሚችል የለም።

እናትሽ