ያለን አንድ ቆብ

ዛሬ ማክሰኞ፣ ኅዳር ዐሥራ ሁለት ቀን፣ ይህን ቃል ከአልጋዬ ሆኜ ስሰጥ የደከመው ትንፋሼ እንጂ ልቡናዬ አይደለም። ያስገደደኝም የለም። አብረውኝ የሚሠሩት በያጁና ቀለም ቀቢው፣ እንዲሁም የምታስታምመኝ ነርስ ምስክሮቼ ናቸው። የሚጽፈው በያጁ ነው፤ ፊደሉ ከብየዳው ይሻላልና።

ወራሾቼ አባቴና ታናሽ እህቴ ናቸው። ወግ ቢሆን ልጅ ከአባቱ ይወርሳል፤ የእኔ ነገር ተገላቢጦሽ ሆነ።

አባቴ ዝገት የበላውን በርና ታንከር በአየር ግፊት በሚረጭ አሸዋ ማጽዳት አስተማሩኝ። ዲግሪዬን ይዤ ስመለስ፣ ተምረህ ተምረህ አሸዋ ብለው ሳቁብኝ። እኔ ግን ሥራውን ላሳድገው ነበር የመጣሁት። አሁንም ሐሳቤ አልተኛም።

አንደኛ፣ ኮምፕሬሰሩና አሸዋ የሚረጨው ጎማ የእህቴ ይሁኑ። የጀመርሁትን ሣጥን ትጨርሰው፤ የሚጸዳው ብረት ውስጡ ተዘግቶ ጓንት ያጠለቀ እጅ ብቻ የሚገባበት፣ አቧራው ወደ ሳንባ ሳይሆን ወደ ከረጢት የሚሄድበት ነው። እሱ ሳያልቅ ጎማውን እንዳትጨብጪ፤ በእኔ ያየ ይቀጣ፣ እቱዬ።

ሁለተኛ፣ ግቢው ውስጥ የተቆለለው አሸዋ ለግንበኞች ይሰጥ። አባቴ አሸዋ አሸዋ ነው ይላሉ፤ ሐኪሙ ግን አቧራው ያበላሸውን ሳንባዬን በፎቶ አሳይቶናል። በሲሚንቶ ይታሰር፤ ከእንግዲህ ማንም ደረት ውስጥ አይግባ።

ሦስተኛ፣ አየር በቱቦ የሚገባበት ቆብ የአባቴ ነው። ያለን እሱ ብቻ ስለሆነ እሳቸው አጥልቀውት ሲሠሩ እኔ ፊቴን በሻርፕ ጠቅልዬ ሠርቻለሁ፤ <s>ለጭንቅላቴ ይጠበኛልና</s>። በዚህ ማንም አይውቀሳቸው።

እዚህ ላይ አጠገቤ ሆነው ይሰሙ የነበሩት አባቴ ተነሥተው ወጡ። ቆቡን ይዘው ተመለሱና በሁለት እጃቸው ቀስ አድርገው አጠለቁልኝ። ፊታቸውን በቆቡ መስተዋት በኩል አየሁት። ቆቡ ልኬ ነበር።

«እስከ ዛሬ ዋሸኸኝ?» አሉ።

«ያኔ እኮ ሲያስሉ የሚያድሩት እርስዎ ነበሩ፣ አባዬ።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። በያጁ ምን ልጻፍ አለኝ። የሆነውን ጻፍ፤ ይጠበኛል ያልሁትንም ሰርዘው አልሁት። ስለዚህ ይህ ኑዛዜ አንድ ስርዝ አለበት፤ ስርዙም በፈቃዴ ነው። ማንም አይውቀሳቸው የሚለው ግን ይጽና። ማንም ስል ራሳቸውንም ጨምሬ ነው።

የተናዛዡ ፊርማ።
የበያጁ፣ የቀለም ቀቢው፣ የነርሷ ፊርማ።
ከስርዙ አጠገብ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው ያተሙት፣ አሸዋ የጣቱን መስመር ያጠፋው የአባቴ የአውራ ጣት አሻራ።