ቀይ የማያይ ፊልም

ማርች 6፣ ሰኞ

ሁለት የመታወቂያ ፎቶ፣ አንድ የሙሽሮች። ሙሽራው ዓይኑን ጨፍኖ ወጣ። እንደገና ኑ ስለው ጥፋቱን በእኔ አላከከ። ይሁን...

ማሜ ሰዋ ዛሬም የካሳቫ ገንፎዋን፣ ፉፉውን፣ ሳትነካ መለሰች። ሾርባውን ብቻ ጠጣች። ታላቅ እህቴ ናት፣ ያሳደገችኝ እሷ ስለሆነች ግን ማሜ እላታለሁ። ከልጇ ከፍሬማ ጋር ከባንታማ ሰፈር ወደ እኔ ግቢ ከመጡ ሁለት ወር ሆናቸው። "ሆዴ ሞልቷል" ትላለች። በምን ሞላ?

ወደ ማምሻው ስቱዲዮ ገብታ የእናታችንን ለቅሶ ፎቶ ስታይ አገኘኋት። ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት።

"አናኔ፣ እኔ የቷ ነኝ?"

"ከወንበሩ ጎን ያለሽው።"

"ይቺ ጥቁር የለበሰችው?"

"ቀይ ነው ማሜ። ቀይ ነበር።"

"እኔማ አውቃለሁ። ፎቶው ነው የማያውቀው። በገዛ እናቴ ለቅሶ ጎረቤት አደረግኸኝ!"

ሠላሳ አንድ ዓመት ስትለኝ የኖረችው ነው። ሁልጊዜ እየሳቀች ነበር። ዛሬ አልሳቀችም። እውነቷን ነው። በእኛ ለቅሶ ቀይ የሚለብስ የሟች የቅርብ ነው፣ ጥቁር የሚለብስ ሌላው ሁሉ። የእኔ ፊልም ደግሞ ቀይ አያይም። ቀዩንም ጥቁሩንም አንድ ላይ ያጠቁራል፣ ፊታችንንም ከሰል ያደርገዋል። በቀይ መብራት የማጥበውም ለዚሁ ነው፣ ቀዩ አይጎዳውም። ፊቱ ከሳህኑ ውስጥ ብቅ ሲል እያየሁ፣ በቃው ስል አወጣዋለሁ። በሰዓት ለክቼ አላውቅም። እስከ ዛሬ ሌላ ፊልም አልሞከርኩም። ለምን? ስንፍና።

"ሳልሞት አንድ ቀን እንደ እናቴ ልጅ አድርገህ አንሳኝ" አለች።

ማርች 9፣ ሐሙስ

ኤሲየን ከኬፕ ኮስት መጣ። ፊልምና የማጠቢያ መድኃኒት ከየትም ፈልፍሎ የሚያመጣልን እሱ ብቻ ነው። ለትልቁ ካሜራዬ የሚሆን ቀይ የሚያይ ፊልም አገኘ። አሥራ አንድ ቅጠል ብቻ፣ በአንዱ ቅጠል አንድ ፎቶ፣ ጊዜውም ሁለት ዓመት አልፎታል።

"ሌላ የለም?"

"አገር ምድሩን ብታስስ የለም። ወደብ ላይ መርከብ የምትጠብቅ ከሆነ ጠብቅ።"

"እናንተ ፋንቴዎች ከባሕሩ ላይ ተቀምጣችሁ ከዓሣ ሌላ ምንም አታወጡም።"

"እናንተ አሻንቴዎች ደግሞ ሰው ካልሞተ ፎቶ አትነሱም!" ብሎ ሳቀ። ማሜ በሩ ላይ ቆማ ነበር። እሷም ሳቀች። እኔ አልቻልኩም።

ሁለት ዓይነት ማጠቢያም ሰጠኝ። አንዱ ኃይለኛ ነው፣ የራጅ ክፍል የሚጠቀምበት። አንዱ በዱቄት መልክ፣ ቀስ ብሎ የሚሠራ። የትኛው እንደሚሻል እሱም አያውቅም። "ሁሉንም እየቀያየርክ አትዳክር፤ አንድ ፊልም፣ አንድ ማጠቢያ ያዝና እስክትሞት አትልቀቅ" አለኝ። ቀላል ነው መናገሩ።

ማርች 13፣ ሰኞ

ችግሩ ይሄውና። አዲሱ ፊልም ሁሉን ስለሚያይ ድርግም ያለ ጨለማ ይፈልጋል። ቀይ መብራት እንኳ አይሆንም። ሳላይ እንዴት ላውቅ ነው በቃው አልበቃው? ሰዓቱን የሚነግረኝ ሰው ያስፈልጋል።

ማሜ የመቀመጫ ዱካዋን ከጨለማ ክፍሉ በር ውጭ አኖረች። የግድግዳውን ሰዓት አውርዳ ጭኗ ላይ አደረገች። "ይኸው ሥራ አገኘሁ" አለች። ገብቼ በሩን ስዘጋ ደቂቃ በሞላ ቁጥር ትጠራልኝ ጀመር።

"አንድ!... ሁለት!... ሦስት! አንተ፣ ነቅተሃል?"

"ነቅቻለሁ።"

"አራት! ስታንኮራፋ የሰማሁ መሰለኝ።"

አሮጌውን ፊልም ዕውሩ አለችው፣ አዲሱን ዓይናማው። እኔም ስሙን ወሰድኩት።

ማርች 15፣ ረቡዕ

ቀይ ጨርቅና ጥቁር ጨርቅ ጎን ለጎን ገመድ ላይ ሰቅዬ አነሳሁ። በዕውሩ ሁለቱም አንድ ናቸው። በዓይናማው ቀዩ ተለየ! ፈካ ያለ ግራጫ። ማሜ ፎቶውን ከፍ አድርጋ ይዛ አየችው።

"ይሄ ቀይ ነው" አለች። ግራጫውን እያየች።

ግን ኃይለኛው መድኃኒት ከኋላ ያለውን ነጭ ግድግዳ አቃጠለው። ፊት ሲሆን ምን ሊሆን ነው? ዱቄቱን መሞከር አለብኝ።

ማርች 18፣ ቅዳሜ

ዱቄቱ ይሻላል። ፊት አይገድልም። ግን ሰባት ደቂቃ አነሰው፣ አሥራ አንድ በዛበት። የቧንቧው ውኃ ሞቃት ስለሆነ ይሆን? ከእንስራው ቀድቼ እሞክራለሁ። ቅጠሎቹን እየቆረጥኩ ብሞክርም እያለቁ ነው።

ማርች 23፣ ሐሙስ

የማሜ ሐኪም እኔንና ፍሬማን ለብቻችን ጠራን። በሽታው ጉበቷ ላይ ደርሷል አለ። ስንት ጊዜ አላት ብዬ አልጠየቅሁም። ፍሬማ ጠየቀች። እሱም ትከሻውን ብቻ...

ስንመለስ ማሜ ምንም አልጠየቀችም። "የፊታችን እሑድ አንሳኝ" አለች።

"ትንሽ ይቀረኛል። ደቂቃውን እርግጠኛ አልሆንኩም። በሚቀጥለው እሑድ።"

"ስትፈትን ስትፈትን እኔው አልቃለሁ፣ አናኔ።"

እውነት ተናገረች። ነገ ዛሬ ማለት ፀባዬ ነው። ግን ይሄኛውን ባበላሽስ?

ማርች 28፣ ማክሰኞ

አገኘሁት! ዓይናማው፣ ዱቄቱ ከእኩል ውኃ ጋር፣ የእንስራ ውኃ፣ ዘጠኝ ደቂቃ። ጨርቁም ፊቴም ልክ እንደሚታዩት ሆነው ወጡ። በከሰል ግድግዳው ላይ ጻፍኩት፣ ዘጠኝ። ሁለት ቅጠል ቀርቶኛል።

ዛሬ የጠራችልኝ ተኝታ ነው። ዱካው ላይ መቀመጥ አቃታት፣ ፍሬማ ምንጣፍ አነጠፈችላት። "ስምንት..." አለችና ቆመች። ዘጠኙን ልትረሳው ነው ብዬ ነበር። አልረሳችውም።

ኤፕሪል 2፣ እሑድ

አነሳኋት።

ፍሬማ ቀዩን ልብስ አላወጣም ብላ ነበር። "እማዬ፣ ማን ሞቶ ነው የለቅሶ ልብስ የምትለብሺው? ሟርት ነው!"

"ለእናቴ ነው። እሱ ካልበቃሽ ለራሴ ነው። ምን አገባሽ?"

ግቢው ውስጥ፣ ጥላ ሥር፣ ወንበር ላይ ደግፈን አስቀመጥናት። ልብሱ በዛባት። ከካሜራው ኋላ ጥቁሩን ጨርቅ ተከናንቤ ስመለከት ተገልብጣ ታየችኝ፣ አገጯን ቀና አድርጋ። በእናታችን ለቅሶም እንዲሁ ነበር የቆመችው። እንባዬ መጣ። ደግነቱ ጨርቁ ውስጥ ነበርኩ።

"በሁለቱም ቅጠል አንሳኝ" አለችኝ።

"አንዱ ይበቃል። ሌላው ምናልባት ከተበላሸ..." 

ምን ዓይነት ጅል ነኝ?

ኤፕሪል 3፣ ሰኞ

መጻፍ አልፈልግም። ግን ለማን ልናገር?

ዛሬ የሚጠራልኝ አልነበረም። ማሜ ሌሊቱን ስታቃስት አድራ ፍሬማ ከአጠገቧ አልተነሳችም። ራሴ እቆጥራለሁ አልኩ። እስከ ስድሳ፣ ስድስት ጊዜ ጨረስኩ። ከዚያ ማሜ ከወዲያኛው ክፍል ጮኸች። ጆሮዬ ወደዚያ ሄደ። ስድስት ነበር ወይስ ሰባት? ሰባትን ጨርሻለሁ? ጨለማው ውስጥ ቆሜ ምንም አላውቅም። እጄ ብቻዋን ሄዳ የመብራቱን ገመድ ሳበች።

ቀዩን መብራት። ሠላሳ ዓመት የሳብኩትን ገመድ። ክፉ ልማድ ያሰርቃል ከማድ ይሉ የለ?

ሳህኑን አየሁት። ፊቷ እዚያ ነበር፣ አየኋት። ከዚያ ዓይኔ እያየ ጠቆረ። ጥግ ጥጉ፣ ልብሱ፣ ፊቷ። አምፖሉን አጠፋሁ። ምን ዋጋ አለው?

ኤፕሪል 4፣ ማክሰኞ

ሄጄ ዋሸኋት።

"እንዴት ወጣ?"

"ጥሩ ወጣ።"

"ቀዩስ?"

"ቀይ ነው ማሜ። ካንቺ በቀር ማንም አይመስልም።"

"አምጣው እስኪ።"

"ይድረቅ።"

ከዚያ "ማን ጠራልህ?" አለች።

"ራሴ ቆጠርኩ።"

"አንተ? እስከ ዘጠኝ?" ሳቀች። ሳቁ ሳል ሆነባት። ጀርባዋን ደገፍኩ። እጄን ይዛ መታ መታ አደረገችው። ልጅ ሆኜ ዕቃ ስሰብር እንዲሁ ታደርግ ነበር።

አንድ ቅጠል አለኝ። ነገ ትንሽ ከተሻላት...

ኤፕሪል 5፣ ረቡዕ

አልተሻላትም።

ኤፕሪል 8፣ ቅዳሜ

ሐሙስ ጠዋት ሞተች።

ኤፕሪል 19፣ ረቡዕ

ያንን የጠቆረ ኔጋቲቭ በቀትር ፀሐይ ላይ ያዝኩት። ሰባት ጊዜ ይሆናል። አንዳንዴ ጆሮዋ የታየኝ ይመስለኛል። ወረቀት ላይ አተምኩት። ግራጫ ወረቀት ነው።

ሜይ 6፣ ቅዳሜ

ዛሬ ትልቁ ለቅሶዋ ነበር፣ እንደ ልማዳችን ከሞተች ወር ሲሞላ። ወንበሩ ላይ የቆመው ፎቶ ከአሥር ዓመት በፊት በዕውሩ ያነሳሁት ነው። ፊቷ ከሰል። ከመንደር የመጡ አንዲት አሮጊት "ይቺ ማን ናት?" ብለው ፍሬማን ጠየቁ። ሰምቼ እንዳልሰማ ሆንኩ። ፎቶ አንሺ ወንድም ያላት ሴት ናት ይቺ ማን ናት የተባለችው።

ኤሲየን ከኬፕ ኮስት መጥቷል። "የቀረችህን ቅጠል አምጣ" አለኝ።

"ለማን?"

"ለአንተ። ቁም።"

እኔና ፍሬማ በቀይ ቆምን፣ ጎረቤቶች ከኋላችን በጥቁር። እምቢ ለማለት አቅም አልነበረኝም።

ሜይ 8፣ ሰኞ

ቀዩን አምፖል ፈትቼ ጣልኩት። ሳህኑን አዘጋጀሁ። የእንስራ ውኃ፣ ዱቄቱ እኩል። ልገባ ስል ፍሬማ ዱካውን ይዛ መጣች።

"አጎቴ፣ ልጥራልህ?"

"ጥሪ።"

አንድ። ሁለት። ሦስት። በትክክል ጠራች፣ አንድ ሴኮንድ አላሳለፈችም። አንዴም አልሰደበችኝም። ሦስት ላይ ነቅቻለሁ ልል አፌን ከፍቼ ነበር... ዘጠኝ አለች። አወጣሁት።

ልክ ነው። ምንም አልጎደለውም።

ሜይ 12፣ ዓርብ

ፎቶውን መስኮቱ ላይ ሰቀልኩት። ሳጥኑ ባዶ ነው። ኤሲየን ከእንግዲህ የዚህ ዓይነት አይመጣም ብሏል። አንድ ፊልም ያዝ ብሎኝ ነበር፣ ይኸው ያዝኩ። ወደ ዕውሩ ተመልሻለሁ። ዛሬ ሦስት የመታወቂያ አነሳሁ፣ ለመታወቂያ ማን ቀይ ይለብሳል?

ከሰዓት አንዲት የማላውቃት ሴት ልጇን ልታስነሳ መጣች። መስኮቱ ጋ ቆመች። ከመስኮቱ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ መስኮቱ አየች። ቀዩን ለየችው። ማንም ሳይነግራት።

"ጌታዬ፣ የቅርብ ሰው ነው የሞተብህ። ማን ነው?"

"እናቴ" አልኳት።